የግንድ አበባና የአዲስ አበባ ደን ታሪክ

ታሪክ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው የነገሥታት ዜና መዋዕል፤ የጦር ሜዳ ውሎ፤ የከተማ መቈርቈርና የቤተ መንግሥት መታነጽ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብራናና ድንጋይ ዘመንን አሻግረው ለመናገር የታመኑ ምስክሮች ናቸውና። ነገር ግን አንድ አገር ያሳለፈውን ኑሮ የሚመሰክሩ ሌሎች ምስክሮችም አሉ። ደን ሲመነጠር፤ ደን ሲተከል፤ ምንጭ ሲደርቅ፤ ሜዳው መንደር ሲሆን የሰው ልጅ ሥራ በምድር ላይ እንደ ጽሕፈት ተቀርጾ ይቀራል። ይህን ጽሕፈት ለማንበብ ግን ፊደሉን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከነዚህ ፊደላት አንዲቱ በትልልቅ የደን ዛፎች ግንድ ላይ፤ ሥሯ መሬት ሳይነካ የምትበቅለው ታናሽ ባለ አበባ ተክል ናት። መንገደኛ ቀና ብሎ ካልተመለከተ አያያትም፤ እንጨት ቈራጭ ከግንዱ ጋራ ጥሎ ያነዳታል፤ በገበያም ዋጋ የላትም። ይሁን እንጂ እርሷ ባለችበት ቦታ ደኑ አሮጌ መሆኑን፤ በጠፋችበትም ቦታ በደኑ ላይ አንድ ነገር መድረሱን ትናገራለች። ስሟ በአበባ የተጠራ ዋና ከተማችን፤ ይልቁንም በምሥራቅ በኩል ያሉት የካና ቦሌ፤ ከዚህች የግንድ አበባ ጋራ ምን ታሪክ እንዳላቸው መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ተቀጽላና እንግዳ

በመጀመሪያ በዛፍ ላይ የሚበቅለው ሁሉ አንድ ወገን አለመሆኑን መለየት ይገባል። ባገራችን እንዲህ ያለውን ተክል ሁሉ «ተቀጽላ» ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ የግእዝ ዘር ነው። በግእዝ «ቀጸላ» ማለት አክሊል፤ «ተቀጸለ» ማለትም አክሊል ደፋ፤ ዘውድ ጫነ ማለት ነው። የጥንቱ ሰው በዛፉ ራስ ላይ ሌላ ቅጠል ለምልሞ ባየ ጊዜ ዛፉ አክሊል የደፋ መስሎ ታይቶት ኖሯል ማለት ያስደፍራል። በኋላ ዘመን ግን ቃሉ ከክብሩ ወርዶ፤ በራሱ የማይቆም፤ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ሰው መንቀፊያ ሆነ።

ይህ ነቀፋ የሚገባው ለአንደኛው ወገን ብቻ ነው። እውነተኛው ተቀጽላ፤ በባህል መድኃኒት ዐዋቂዎች ዘንድ «የወይራ ተቀጽላ»፤ «የግራር ተቀጽላ» እየተባለ በተቀመጠበት ዛፍ የሚለየው፤ ሥሩን ወደ ዛፉ ሰውነት ሰዶ ውሃውንና ከውሃው ጋራ የሚመጣውን ምግብ ይጠባል። ሁለተኛው ወገን ግን ከዛፉ አንዳች አይወስድም። ግንዱን ለመቀመጫ ብቻ ይይዛል፤ ውሃውን ከዝናብ፤ ከጉምና ከጤዛ፤ ምግቡንም በቅርፊቱ ስንጥቅ ከተጠራቀመው ብስባሽ ያገኛል። በቤቱ ያድራል እንጂ ከማዕዱ አይቈርስም። የምንናገርለት ይህን ሁለተኛውን ነው።

በኢትዮጵያ ደኖች ከዚህ ወገን ብዙ ዐይነት ይገኛል። ወፍራም ቅጠል ያላት ፔፔሮሚያ ሽበት በለበሰ ግንድ ላይ ተነጥፋ ትታያለች። በደቡብ ምዕራቡ እርጥብ ደን ካናሪና የምትባለው ተክል ደወል የመሰለ ብርቱካንማ አበባዋን ከዛፍ ላይ ታንጠለጥላለች። የካናሪና ዐይነቶች በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ በምሥራቅ አፍሪቃ፤ ሦስተኛዋ ግን ከዚህ እጅግ ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት በካናሪ ደሴቶች ትኖራለች። ከሁሉ የሚበዙትና የሚያስደንቁት ግን ኦርኪድ የሚባሉት ናቸው። በዓለም ላይ ከ25 ሺህ የሚበልጥ የኦርኪድ ዐይነት ይታወቃል፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በዛፍ ላይ የሚኖር ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ160 በላይ ዐይነት ተመዝግቧል፤ ከነዚህም ከፊሉ በምድር ላይ ከፊሉ በግንድ ላይ ይበቅላል።

የግንድ ኦርኪድ ኑሮ የትዕግሥት ኑሮ ነው። ሥሩ በነጭ፤ እንደ ስፖንጅ ባለ ልብስ የተሸፈነ ስለሆነ የወረደችውን ጠብታ ወዲያው መጥጦ ይይዛል። ፍሬው ሲፈነዳ የሚበተነው ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ነፋስ በቀላሉ ይወስደዋል፤ ነገር ግን በውስጡ ስንቅ የለውም። የስንዴ ቅንጣት ለጽንሷ ስንቅ ይዛ ስትዘራ የኦርኪድ ዘር ባዶ እጁን ይወጣል፤ ለመብቀልም በቅርፊቱ ላይ የሚኖር አንድ ዐይነት ረቂቅ ፈንገስ ገብቶ ሊመግበው ያስፈልጋል። ከእልፍ አእላፍ ዘር ጥቂቱ ብቻ የሚስማማውን ቅርፊት፤ የሚስማማውን ጥላና የሚስማማውን ፈንገስ ባንድነት ያገኛል። ያገኘውም ቢሆን ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ትናንት በተተከለ ዛፍ ላይ አይገኝም፤ ሻካራ ሆኖ የቆየ፤ ሽበት ያወጣ፤ ጥላ ያለው ግንድ ይፈልጋል። የደን ዕድሜ ምስክር ናት ማለታችን በዚህ ምክንያት ነው።

ስሟን በወረቀት ላይ የጻፉት

የኢትዮጵያ የግንድ አበባዎች ስም በዓለም የዕውቀት መዝገብ የገባበት ታሪክ የሰው ሕይወት የተከፈለበት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1838 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት የባሕር ኀይል መኰንኑን ቴዎፊል ለፌብርን መሪ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ የምርምር ጉዞ ላከ። አብረውት የመጡት ካርታን ዲዮንና አንቷን ፔቲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሲሆኑ የተፈጥሮን ዕውቀት የተማሩ ነበሩና ዕፀዋትንና እንስሳትን ይሰበስቡ ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ በሰሜን ደጃዝማች ውቤ፤ በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይገዙ ነበር።

ካርታን ዲዮን በ1840 በመረብ ሸለቆ በወባ ንዳድ ሞተ። ፔቲ እስከ ሸዋ ድረስ ዘልቆ ብዙ ከሰበሰበ በኋላ በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ሁለቱም ያደረቁአቸው ቅጠሎችና አበቦች ግን ፓሪስ ገቡ። እዚያም አሺል ሪሻር የተባለው የዕፀዋት ሊቅ አንድ በአንድ እየመረመረ «ቴንታመን ፍሎሬ አቢሲኒኬ» የተባለውን በሁለት ክፍል የተዘጋጀ የላቲን መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1851 ባለው ጊዜ አሳተመ። መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፤ በ1852፤ ሪሻር ራሱ ዐረፈ። ሰብሳቢዎቹ መጽሐፉን ሳያዩ ሞቱ፤ ጸሓፊው ደግሞ ተክሎቹ የበቀሉበትን አገር ሳያይ ጻፈ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካርታን ዲዮን ከሰበሰባቸው መካከል አንዲት የግንድ ኦርኪድ ትገኛለች። ሪሻር «ደንድሮቢዩም» ከሚባለው ወገን ቈጠራት፤ ይህም በግሪክ ቋንቋ በዛፍ ላይ የሚኖር ማለት ነው። «ብራኪካርፓ» የሚለውንም ቅጽል ሰጣት፤ አጭር ፍሬ ያላት ማለት ነው። በ1865 ደግሞ ራይኸንባኽ የተባለው የጀርመን ሊቅ ከአንጎላ በመጣች አንዲት ተክል ምክንያት «ኤራንጊስ» የሚባል አዲስ ወገን አቋቋመ፤ ትርጓሜውም የአየር ዕቃ፤ የአየር ማድጋ እንደ ማለት ነው። ኋላ ተመርምሮ የአንጎላዪቱና የኢትዮጵያዪቱ ተክል አንድ ዐይነት ሆነው ተገኙ። ቀድሞ የተሰጠ ስም ይጸናል በሚለው የዕፀዋት ስያሜ ሕግ መሠረት፤ ዛሬ ይህች አበባ በዓለም ሁሉ የምትጠራው ከኢትዮጵያ በሄደው ስሟ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ተብላ ነው።

መልኳ ነጭ ነው። ከአበባዋ በስተኋላ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ቀጭን ቱቦ እንደ ጅራት ይወርዳል፤ በጫፉም ጣፋጭ ውሃ አለ። ሽታዋ የሚያይለው ሌሊት ነው፤ በሌሊት የሚበርር፤ ምላሱ የረዘመ ትልቅ የእሳት ራት እንዲመጣላት ነው። በዚህ ነገር ቻርልስ ዳርዊን በ1862 ስለ ኦርኪድ ባሳተመው መጽሐፍ የተናገረው ግምት ስሙ የተነሣ ነው። ከማዳጋስካር የመጣች፤ ለኛዪቱ ዘመድ የምትሆን፤ ቱቦዋ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ኦርኪድ ባየ ጊዜ፤ «ይህን ያህል ምላስ ያለው የእሳት ራት በዚያች ደሴት መኖር አለበት» አለ። ብዙ ሰዎች ቢጠራጠሩም ዳርዊን በሞተ በ21 ዓመቱ፤ በ1903፤ ለዚያች ደሴት የእሳት ራት ስም ወጥቶለት ተመዘገበ። አንዱ ከጠፋ ሁለተኛው እንደማይቈይ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም።

ከፈረንሳዮቹ ሌላ ሊታወስ የሚገባው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 ዐድዋ ገብቶ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፤ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንትጮ ገዥ እስከ መሆን ደርሶ፤ በ1878 በዚያው በዐድዋ ሞተ። አንዲት ታናሽ የግንድ ኦርኪድ ዛሬም በእርሱ ስም ትጠራለች። እነዚህን ሁሉ በገደልና በጫካ እየመሩ፤ ዛፍ ላይ እየወጡ ያወረዱላቸው ያገሬው ሰዎች ግን ስማቸው በደረቀው ቅጠል ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ አልተጻፈም። ይህ የታሪካችን ጉድለት ሆኖ ይቈጠራል።

የከተማዪቱ ደንና የባሕር ዛፍ መምጣት

ሺምፐር ባረፈ በስምንተኛው ዓመት፤ በ1879 ዓ.ም. እንደኛ አቈጣጠር፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ወርደው በፊንፊኔ መስክ አዲሱን ከተማ «አዲስ አበባ» ብለው ሰየሙት። የእንጦጦና የየካ ተራሮች በጥንቱ ተፈጥሮአቸው የጥድ፤ የወይራ፤ የኮሶና የዝግባ አገር ናቸው። በዚህ ዐይነት ደጋ ደን ውስጥ የአሮጌ ዛፍ ግንድ ራቁቱን አይቆምም፤ ሽበት፤ ፈርንና ልዩ ልዩ የግንድ ቅጠል ይለብሳል። በዝናብ ብዛት ከሚታወቁት ከከፋና ከኢሉባቦር ደኖች ጋራ ባይተካከልም ለግንድ እንግዳ የሚሆን ቤት ነበረው።

ከተማው ግን ማገዶና ቤት መሥሪያ ጠየቀ። ሠራዊቱ፤ መኳንንቱ፤ ነጋዴው፤ የእጅ ሠራተኛው ባንድ ጊዜ ሲሰፍር በዙሪያው የነበረው እንጨት ጥቂት ዓመት እንኳ አልበቃም። እንጨት ከሩቅ፤ ከመናገሻ ድረስ ይመጣ ጀመር። ባገራችን ልማድ ንጉሥ እንጨት ሲያልቅበት ከተማውን ትቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ዐፄ ምኒልክም በዚሁ ልማድ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን አስቈርቍረው ቤተ መንግሥት አሠሩ። አዲስ አበባ ከብዙዎቹ የጥንት ሰፈሮች እንደ አንዱ ለመፍረስ ተቃርባ ነበር።

ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ፤ ሞንዶን ቪዳዬ ከሚባለው ፈረንሳዊ ጋራ ስሙ ተያይዞ የሚነገረው የአውስትራልያው ዛፍ በከተማው ተተከለ። ቶሎ ይበቅላል፤ ተቈርጦ እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ከብት አይበላውም። ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» ብሎ ሰየመው። ማገዶው ከደጅ ተገኘ፤ ከተማው መነሣቱ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተሠራውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ምንጭና ወንዝ ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከፊሉ እንዲነቀል ትእዛዝ ቢወጣም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ሕዝቡ ያለ እርሱ ሊኖር አይችልም ነበርና። ስለዚህ ባሕር ዛፍን የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ ዋና ከተማችን የጸናችው በእርሱ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

ነገር ግን እያንዳንዱ ጥቅም ዋጋ አለው፤ ይህም ዋጋ የተከፈለው ማንም ባልተመለከተው ቦታ፤ በግንዱ ቅርፊት ላይ ነው። ነጩ ባሕር ዛፍ የላይኛውን ቅርፊቱን በየጊዜው ረዣዥም ጭረት እያደረገ ይጥላል። ግንዱ ለስላሳ ሆኖ እንደ ታጠበ ይቀራል። ቅርፊቱን የሚጥል ዛፍ እንግዳ አያሳድርም። ነፋስ ያመጣው የኦርኪድ ዘር ገና ሥር ሳይዝ ከቅርፊቱ ጋራ ይወድቃል፤ ሽበቱ ሳይወፍር ይረግፋል፤ ብስባሽ የሚጠራቀምበት ስንጥቅ አይገኝም። በዚያ ላይ ዛፉ ለማገዶና ለአጠና የሚፈለግ በመሆኑ በጥቂት ዓመት ይቈረጣል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ተራራው አረንጓዴ ነው፤ ደን ጠፍቶ ደን ተተክቷል። ግንዱን ቀርቦ የሚመለከት ግን አንድ ዓለም ከነነዋሪው መውጣቱን ያያል።

የካና ቦሌ

የከተማዪቱ ምሥራቅ ሁለት ዐይነት መልክ አለው። በሰሜን ምሥራቅ የየካ ተራራ ይነሣል፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የቦሌ ሜዳ ይዘረጋል። ሁለቱ ያላቸው የዛፍ ታሪክም ይለያያል።

በየካ ተራራ ላይ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለችው ዋሻ ሚካኤል ትገኛለች። ዘመኗ በሊቃውንት ዘንድ ያከራክራል፤ አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ በፊት ብዙ መቶ ዓመት እንደ ቈየች ግን አያከራክርም። ጣራዋ ፈርሶ ግድግዳዋ ቆሟል፤ የጠራቢዎቹ እጅ በድንጋዩ ላይ ይነበባል። በዙሪያዋ ተራራውን ለብዙ ዘመን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። የሰው እጅ ሥራ በዓለት ላይ ስለ ተጻፈ ተረፈ፤ የጥንቱ ደን ሥራ በቅርፊት ላይ ስለ ተጻፈ ጠፋ። አንድ ተራራ ሁለት መዝገብ ነበረው ማለት ነው።

ከዚሁ ተራራ ግርጌ የሌላ ታሪክ ምልክት አለ። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልክተኞቻቸውን ለመላክ ሲሽቀዳደሙ ዐፄ ምኒልክ ሰፋፊ መሬት የሰጧቸው በዚህ በምሥራቅ በኩል ነበር። የእንግሊዝ፤ የፈረንሳይ፤ የሩሲያና የኢጣልያ ግቢዎች ሁሉ በዚሁ ወገን ሰፈሩ፤ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም እስካሁን ይህን ያስታውሳል። ከተማው በዙሪያቸው እየጠበበ ሲሄድ እነዚህ ግቢዎች ዛፍ እንደ ለበሱ ቀሩ።

ሁለተኛው መጠጊያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ምእመናን የደብሩን ዛፍ እንደ ደብሩ ልብስ ስለሚቈጥሩት በቅጥር ውስጥ ያለ ጥድና ወይራ ያለ ምክንያት አይቈረጥም። ይህ ልማድ በመላው ደጋ አገር ምን ያህል ዕፀዋት እንዳተረፈ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባደረጉትና በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባቀረቡት ጥናት አስረድተዋል። በአዲስ አበባም ከተማው ሳይደርስ የበቀለ ዛፍ ማየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወደ አንዱ አሮጌ ደብር ቢሄድ አይሳሳትም።

ቦሌ ግን የተራራ ደን አገር አልነበረም። ከፍታው 2,300 ሜትር ያህል ሲሆን አፈሩ ጥቍር መረሬ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱትና ከብት የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበረ፤ ዛፉም በየማሳው ዳር የሚቆም ግራር፤ በየወንዙም ዳር የሚበቅል ሾላና ወይራ ነው። ዛፉ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ዋርካና ግራር ጥላው መሰብሰቢያ፤ መዳኛና ማረፊያ ነበር።

ይህ ሜዳ መልኩን የለወጠው በሰማይ በኩል በመጣ ምክንያት ነው። የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ አዲሱ ማረፊያ በቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች ተቀብሎ ሥራ ጀመረ። ከማረፊያው እስከ መስቀል አደባባይ የተዘረጋው መንገድ ቤትን፤ ቤቱ ሰፈርን፤ ሰፈሩም ሌላ ሰፈርን እየሳበ፤ ገርጂ፤ ሲ ኤም ሲ፤ አያት፤ ሰሚት፤ ቦሌ አራብሳ እየተባለ ከተማው በምሥራቅ በኩል ሜዳውን ሸፈነው።

ዛሬ ከዚሁ ከቦሌ ማረፊያ በየሌሊቱ በብዙ ሣጥን የታሸገ ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ ይጫናል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሆለታ፤ በሰበታ፤ በቢሾፍቱና በዝዋይ የተስፋፋው የአበባ እርሻ ኢትዮጵያን በአፍሪቃ ከኬንያ ቀጥሎ ሁለተኛ አበባ ሻጭ አድርጓታል። ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ የሆነ ሥራ ነውና የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጽጌረዳው ዘሩ ከውጭ የመጣ ነው። በዚያው ሌሊት በሩቁ ደን ውስጥ በግንድ ላይ ተቀምጣ መዓዛዋን የምትሰጠው ነጭ አበባ ከኢትዮጵያ በሄደው ስሟ በዓለም መጻሕፍት ትጠራለች፤ ባገሯ ግን ከአዝመራ ነጋዴውም ከተማሪውም ዘንድ አትታወቅም።

ዕውቀቱ ወደ አገሩ ሲመለስ

ብዙ ዘመን የኢትዮጵያን ዕፀዋት ለመመርመር የሚሻ ሰው ወደ ፓሪስ፤ ወደ ለንደን ወይም ወደ ፍሎረንስ መሄድ ነበረበት። ይህ ነገር የተለወጠው በ1959 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ክፍል ብሔራዊው የደረቁ ዕፀዋት ማኅደር በተቋቋመ ጊዜ ነው። በ1963 ደግሞ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ይሠራ የነበረው የደን ዐዋቂው ሙኒ የኢትዮጵያን የዕፀዋት ስሞች በየቋንቋው ሰብስቦ አሳተመ። ቀጥሎ ወልደ ሚካኤል ቀለቻ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ይህንኑ ሥራ አስፍተው ያዘጋጁት የዕፀዋት ስም መዝገብ እስከ 1987 ድረስ አራት ጊዜ ታትሟል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፀዋት ምዝገባ ነው። የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች በመተባበር፤ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፤ ኋላም በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሪነት፤ 6 ሺህ ያህል ዕፀዋት የተጻፉበትን ስምንት ክፍል መጽሐፍ በ2009 ፈጸሙ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ከሁለት የውጭ ሊቃውንት ጋራ ሆነው በ2004 የኢትዮጵያን ኦርኪዶች የሚያሳይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ካርታን ዲዮን ከሞተ 164 ዓመት በኋላ የግንድ አበባዪቱ ታሪክ በኢትዮጵያዊ እጅ ተጻፈ።

ዕውቀቱ ሲመለስ ግን አደጋው መቅረቡን ይዞ መጣ። የግንድ ኦርኪዶች ዋና መኖሪያ የሆነው የደቡብ ምዕራቡ ደን የቡናም አገር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅግ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት፤ ደኑ እየተቈራረሰ ሲሄድ፤ ለቡናም ሲባል ዛፉ እየሳሳ ሲሄድ፤ በግንድ ላይ የሚኖሩት ኦርኪዶች ዐይነታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የቡናው ጥላ የሚሆን ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ ነገር ግን አሮጌው ሄዶ ወጣቱ የተተካ እንደሆነ፤ ግንዱም ብርሃንና ንፋስ የበዛበት እንደሆነ፤ በየካ የደረሰው በከፋም ይደርሳል። በ2010 የከፋና የያዩ ደኖች በዩኔስኮ የዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ መግባታቸው በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ከዚህ የምንማረው

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የዛፍ ብዛትና የደን ዕድሜ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ዛፍ በአንድ ቀን በሚሊዮን ሊተከል ይችላል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ሕዝቡ በየክረምቱ ወጥቶ ሲተክል አይተናል። አሮጌ ግንድን ግን ማንም በዘመቻ ሊያበቅለው አይችልም፤ እርሱን የሚሠራው ዘመን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መቶ ዓመት የሆነውን ወይራ ቈርጦ በምትኩ አንድ መቶ ችግኝ የተከለ ሰው በቍጥር አተረፈ፤ በታሪክ ግን ከሰረ።

ይህን ለሦስት ወገን ማሳሰብ ይገባል። መንገድና ሕንፃ የሚያቅዱ የመንግሥት ሠራተኞች፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ ካርታ ሲነድፉ፤ የቆመውን አሮጌ ዛፍ እንደ ዕንቅፋት ሳይሆን እንደ ጥንት ሕንፃ አድርገው ቢመዘግቡት፤ መንገዱ ጥቂት ቢጠማዘዝ የሚጐዳው የለም። ለመትከልም ሲታሰብ ቅርፊቱን ይዞ የሚያረጅ ያገር ዛፍ፤ ወይራ፤ ዝግባ፤ ዋንዛ፤ ሾላ፤ ድርሻው ቢበዛ ለሚመጣው ትውልድ እንግዳ ማሳደሪያ ይሆናል።

መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ አንድ ደብር ወይም ወደ አንድ አሮጌ ግቢ ቢወስዱ፤ በግንዱ ላይ ያለውን ቢያስቈጥሩአቸውና ቢያስጽፉአቸው፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ የታሪክ ትምህርት ነው። የግንድ አበባን ግን ነቅሎ ወደ ቤት መውሰድ አይገባም፤ ከለመደችው ግንድ ከተለየች አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች፤ የዱር ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው።

ተማሪዎች የሆኑትን ወገኖች የሚጠብቃቸው ሥራ ከሁሉ ይበልጣል። በአማርኛ እነዚህን አበቦች አንድ በአንድ የሚለይ፤ ሁሉም የተስማማበት ስም ገና የለም። ባሕር ዛፍ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ወዲያው ስም አውጥቶ የራሱ አደረገው፤ ከጥንት ጀምሮ በደኑ የኖሩት አበቦች ግን «ኦርኪድ» በሚለው የውጭ ስም ይጠራሉ። በየአገሩ ሽማግሌዎችና ንብ አናቢዎች ዘንድ ያለውን ስም፤ በኦሮምኛም፤ በከፍኛም፤ በአማርኛም ጠይቆ፤ ጽፎ፤ መዝግቦ ማቆየት ለአንድ ወጣት ምሁር የሚበቃ የዕድሜ ሥራ ነው። ስም ያለው ነገር ይፈለጋል፤ ይጠየቃል፤ ሲጠፋም ይታወቃል። ስም የሌለው ግን ከግንዱ ጋራ ሲወድቅ እንኳ ወደቀ የሚል አያገኝም።

የጥንት አባቶቻችን በዛፍ ላይ ያዩትን ቅጠል በአክሊል ቃል ጠሩት። ዋና ከተማችንም በአበባ ስም ተጠርታ 1879 ዓ.ም.ን እንደ ልደቷ ስትቈጥር ትኖራለች። በየካ ግርጌና በቦሌ ሜዳ የቀሩትን ጥቂት አሮጌ ዛፎች ከነአክሊላቸው ለልጆቻችን ማስረከብ፤ ከተማው ለተጠራበት ስም የሚከፈል ዕዳ ነው።